የወይዘሮ ወርቅውሃ በረንዳ

ሰው ቤቱን ሲሠራ በሩን ወደ መንገድ የሚያዞረው ለምን እንደሆነ አቶ አሥራት የገባቸው ሚስታቸው ከታመሙ በኋላ ነው።

ቤታቸው ሰበታ ላይ፣ ወደ ጅማ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ በጃንሆይ ዘመን ደግሞ ቆርቆሮ ቤት ቀላል ነገር አልነበረም። አቶ አሥራት የመንገድ ሥራ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባርኔጣቸውን ሳይደፉ ከግቢያቸው የማይወጡ ሰው ናቸው። ቆርቆሮውን ያለበሰው ግን፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ የጸሐፊ ደመወዝ ብቻ አይደለም። ወይዘሮ ወርቅውሃ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። የገበያ ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ ደጃቸው ላይ ይቆሙና፣ ከወጨጫ ተራራ ሥር ቅቤ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ከሩቅ በየስማቸው እየጠሩ ይቀበሏቸዋል። "አካም ቡልቴ!" ይላሉ፤ በኦሮምኛ ይቀልዳሉ፣ በኦሮምኛ ይከራከራሉ፣ ቅቤውን በጥፍራቸው ጫፍ ቆንጥረው እጃቸው ላይ ያሹና "ይሄ ውሃ ነው እንጂ ቅቤ ነው?" ብለው ሻጪቱን ራሷን ያስቋታል። ሴትዮዋ እየሳቀች ትቀንስላቸዋለች። እንዲህ ነበሩ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ጧት ከአልጋ ሊነሡ ሲሉ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። እጃቸው ተንጠለጠለ፤ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ሄደ። ሐኪም ቤት ተወሰዱ፣ ጸበልም ተወሰዱ። ንግግራቸው እየተንተባተበም ቢሆን ተመለሰላቸው፤ እግራቸው ግን ያለ ሰው ድጋፍ አልረግጥ አለ። ተረፈች የምትባል የእህታቸው ልጅ መጥታ ታስታምማቸው ጀመር። አልጋቸው ውስጠኛው ክፍል ነበርና ከመንገዱ የሚደርሳቸው ድምፅ ብቻ ነው። የእግር ኮቴ በሰሙ ቁጥር፣

"ማነው ያለፈው?" ይላሉ።

"አንድ ሰውዬ ነው" ይላሉ አቶ አሥራት።

"አንድ ሰውዬ! ስም የለውም?"

አቶ አሥራት ስም አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አካፋና ዶማ ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው የመንገደኛውን ስም ከየት ያምጡት? ወይዘሮ ወርቅውሃ እየተበሳጩ፣ ኮቴውን እያዳመጡ፣ "እገሌ ነው፣ ያነክሳል" ብለው ራሳቸው ይመልሱ ነበር።

ግንቦት ላይ መጠየቅ ተዉ።

አቶ አሥራትን ያስደነገጣቸው ይሄ ነው። የሚስታቸው አፍ ሲጣመም ያልደነገጡትን ያህል ደነገጡ። ጎረቤታቸው ኦቦ ኢቲቻ ዘንድ ሄደው፣ "ኦቦ ኢቲቻ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይህችን ሴት ፀሐይ ላይ ካላወጣኋት፣ ክረምቱን አትሻገርልኝም" አሉ።

"ታዲያ አውጣታ" አሉ ኦቦ ኢቲቻ።

"የት ላይ? ደጄ ቁልቁል ነው፤ ወንበር ቢቀመጥ ቦይ ውስጥ ነው የሚገባው። በረንዳ ነው የሚያስፈልገኝ።"

ኦቦ ኢቲቻ አሰብ አደረጉና፣ "ዲኖ አለልህ" አሉ።

ዲኖ የሰበታ አናጢ ነው። እሱ ግን አናጢ ሲሉት አይወድም፤ "ኮንትራክተር ነኝ" ይላል። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፣ የእንጨት ሜትሩን ከኋላ ኪሱ አንጠልጥሎ መጣና ደጁን እንደ ሙሽራ ዙሪያውን አየው።

"ጋሼ አሥራት፣ በቀን ነው በቁርጥ?"

"በቁርጥ። በቀን ከሆነማ ልጆቼም ከፍለው አይጨርሱህ።"

"በቁርጥ ከሆነ አንዴ ዓይንዎን ጨፍነው ይግለጡ፤ በረንዳው ቆሟል!"

"እስከ መቼ ድረስ ነው የምጨፍነው?"

"ሰኔ ሳይገባ፣ ኢንሻላህ።"

"አላህን እንኳ ተወው፤ ሥራውን የያዝከው አንተ ነህ።"

"ያለ እሱማ ጋሼ፣ ምስማርም አይገባ!"

"ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ በሉ እጅ ተማቱ" አሉ ኦቦ ኢቲቻ። በእሳቸው ምስክርነት እጅ ተማቱ፤ ዲኖ ቀብዱን ተቀብሎ መረቀ።

ወይዘሮ ወርቅውሃን ግን የጠየቀ የለም። ክፋት እንዳይመስላችሁ። የጓዳ ነገር ቢሆን አቶ አሥራት ያለ እሳቸው ምድጃ እንኳ አያዛውሩም። በረንዳ ግን ደጅ ነው፤ ደጅ ደግሞ የወንድ ነው። ልማዱ እንዲህ ነበር፤ ማንም እንግዳ ነገር አላለውም።

በማግሥቱ ዲኖ ሁለት ሠራተኛ ይዞ መጣና ከደጁ ፊት ለፊት ጉድጓድ ሲያስቆፍር ዋለ። ከውስጥ ሆነው የዶማውን ድምፅ የሰሙት ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ "አሥራት፣ ምን እያስቆፈርክ ነው?" አሉ። "በረንዳ ነው፤ ላንቺ" አሏቸው።

ማታ ዲኖ እጁን ታጥቦ፣ "እንግዲህ እንጨቱን ላምጣ" ብሎ ሄደ።

ሄደ እንግዲህ። ሳምንት አለፈ፤ ሌላም ሳምንት ተከተለ። ጉድጓዶቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። የኦቦ ኢቲቻ ጥጃ አንዱ ውስጥ እግሯን ሰደደች። መንገደኛው ቆም እያለ፣ "ምን ሊቀበርበት ነው?" ይላል። ለሳቅ ነው የሚለው፤ ውስጥ በሽተኛ ለተኛበት ቤት ግን ምን ዓይነት ሳቅ ነው? አቶ አሥራት ጥርሳቸውን ነክሰው ሌላ አናጢ፣ ዓባይነህ የሚባለውን፣ ጠሩ። ዓባይነህ ጉድጓዶቹን ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

"ማን ቆፈረው?"

"ዲኖ።"

"እንግዲያ ዲኖ ይትከልበት።"

"እከፍልሃለሁ እኮ!"

"ጋሼ፣ ባልንጀራዬ በቆፈረው ጉድጓድ ምሰሶ አልተክልም። ጉድጓድ የቆፈረ ሥራውን አሰረ ማለት ነው። ዛሬ የሱን ብነካ ነገ የኔን ይነኩታል።"

"ሌላ ጉድጓድ ቆፍርበታ!"

"በሱ ጉድጓድ አጠገብ? ይሄማ ይብሳል" አለና ሄደ። ሕጋቸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ የአገሩን አናጢ ሁሉ ቢጠሩ መልሱ ያው መሆኑ ገባቸው። ስለዚህ አቶ አሥራት ባርኔጣቸውን ደፉና ዲኖን ፍለጋ ወጡ።

የዲኖ ሚስት፣ "ቡራዩ ሥራ ይዟል" ስላለቻቸው በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገቡ፤ ከዚያ ደግሞ በአምቦ መንገድ ቡራዩ ወረዱ። ሥራውን የሰጠችው መብሩካ የምትባል ጎልማሳ ባለሱቅ ናት፤ ጨውና ጋዝ እየሸጠች አገኟት።

"ዲኖን ፈልጌ ነበር" አሏት።

"ዲኖን? ይምጡ ላሳይዎ።" ከሱቁ ኋላ ወሰደቻቸው። ጓሮው በጉድጓድ ተበሳስቷል፤ ግንቦት የጣለው ዝናብ ሞልቶበት እንቁራሪት ይዘልበታል። "ይኸው ዲኖ!" አለች። "ለእርስዎስ በምን ማለልዎ?"

"በአላህ።"

"ለኔም በአላህ ነው! እኔ እንኳ እስላም ሆኜ ካታለለኝ በእርስዎማ ምን ይደንቃል?" ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ። ውሃ አጠጣቻቸውና፣ "አሁን ሱሉልታ ነው ያለው አሉ፣ ከድርቆሽ ነጋዴው ቤት። ሲያገኙት ይንገሩልኝ፤ መብሩካ ጉድጓድህ ውስጥ ዓሣ ልታረባ ነው ብለው።"

በማግሥቱ አቶ አሥራት እንጦጦን ተሻግረው ሱሉልታ ደረሱ። ሜዳው ላይ የሚነፍሰው ብርድ አጥንት ይገባል። የድርቆሽ ነጋዴው ግቢ ሲገቡ ዲኖ ጣራ ላይ ተቀምጦ ምስማር በጥርሱ ይዞ አዩት።

"ዲኖ!"

ዲኖ ምስማሩን ከአፉ አወጣ። አንዲት የመደንገጥ ምልክት የለበትም። "ጋሼ አሥራት! እኔ ልመጣ ስል መጡ!"

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጁት ስድብ ነበራቸው፤ አባቱንም አያቱንም የሚነካ። ግን ደክሟቸዋል፤ ድርቆሹ ላይ ቁጭ አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

"ዲኖ፣ ሚስቴ ማነው ያለፈው ብላ መጠየቅ ተወች" አሉ።

ዲኖ ከጣራው ወረደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣለትም። "ነገ አብረን እንሄዳለን" አለ።

"ዛሬ!"

"ጋሼ፣ ጣራው ክፍት ነው። የሰው ቤት ክፍት ትቼ እንዴት እሄዳለሁ?"

"የኔንስ ትተህ መጥተህ የለ?"

"የእርስዎ ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ አያፈስም።"

ነጋዴው ደግ ሰው ነበርና አሳደራቸው፤ በማግሥቱ ጣራው ሲዘጋ አቶ አሥራትና ዲኖ ድርቆሽ በጫነ መኪና ላይ፣ ድርቆሹ አናት ተቀምጠው ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። አቶ አሥራት በሐሳብ ቆይተው፣

"አንድ ነገር ልንገርህ። መከለያው ከፍ ይበል" አሉ።

"እስከ ወገብ?"

"ሰው ተቀምጦ አናቱ እንዳይታይ።"

ዲኖ አያቸው። "ለሰው ዓይን ብለው ነው?"

"ለዓይን ነው። አፏ ... ታውቃለህ። ያቺ አገር የሚያውቃት ሴት አሁን ሰው ሲመጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች። እንዲያዩዋት አትፈልግም።"

"እንግዲያ ይስሙኝ" አለ ዲኖ፤ ዓይኑ በራ። "በሳንቃ እዘጋዋለሁ፤ በሳንቃና በሳንቃው መካከል ጣት የምታሳልፍ ክፍተት እተዋለሁ። እሳቸው ወደ ውጭ ያያሉ፤ የውጭ ሰው ግን አያያቸውም። እንደ ትልልቅ ሰዎች ቤት!"

አቶ አሥራት ደስ አላቸው። ዲኖም ደስ አለው። ሁለቱ ወንዶች ከድርቆሹ አናት ላይ ሆነው፣ ከተማውን እያቋረጡ፣ ስለ ሳንቃው ስፋትና ስለ ክፍተቱ ሲነጋገሩ ሄዱ፤ በዓለም ላይ ከዚያ የተሻለ ሐሳብ የመጣለት ሰው ያለ አልመሰላቸውም።

ዲኖ ሥራ ከጀመረ እሳት ነው። ቋሚዎቹን ተከለ፣ ወለሉን በድንጋይ ሞልቶ አስተካከለ፣ ቆርቆሮውን አለበሰ። ሳንቃውን የጥድ አደረገው፤ በመላጊያ ልጎ ልጎ መስተዋት አስመሰለው። አቶ አሥራት ከበታቹ ወንበር አስቀምጠው ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን ዲኖ ወደኋላ ራቅ ብሎ ሥራውን ተመለከተና፣ "አንድ ሳንቃ ልጨምርበት፤ ግርማ ያገኛል" አለ። "ጨምርበት" አሉ።

ሰኔ እንደገባ አንድ ብሩህ ጧት ወይዘሮ ወርቅውሃን ሊያወጧቸው ተዘጋጁ። ተረፈች ጸጉራቸውን ሠራቻቸው፤ ጥለት ያለው ነጠላ አለበሰቻቸው። ኦቦ ኢቲቻ መጡ። ዲኖ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ አንድ ጥግ ቆመ፤ ምርቃት የሚጠብቅ ሰው አቋቋም ነበር የቆመው። አቶ አሥራትና ተረፈች በግራና በቀኝ ደግፈው አውጥተው ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው።

ፀሐይዋ በክፍተቶቹ ገብታ ልብሳቸው ላይ መስመር መስመር ሠራች። ወይዘሮ ወርቅውሃ ፊት ለፊታቸው ያለውን ሳንቃ ለረጅም ጊዜ አዩት። ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ነኩት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"መከለያ ነው" አሉ አቶ አሥራት ፈገግ ብለው። "ሰው እንዳያይሽ።"

"ሰው እንዳያየኝ ..." ቃሉን በተጣመመው አፋቸው ቀስ ብለው ደገሙት። ከዚያ፣ "አሥራት፣ ሣጥን ውስጥ ለማስገባት ምን አስቸኮለህ? ገና አልሞትኩም እኮ" አሉ።

"አስገቡኝ" አሉ።

አስገቧቸው። ዲኖ ፊቱ ጠቆረ። "ይሄን ሥራ አዲስ አበባ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ሰው ሊያየው ይሰለፍ ነበር! የለም፣ እኔ ቁርጤን ጨርሻለሁ!" አለና ዕቃውን በጆንያ ከትቶ ሄደ። ኦቦ ኢቲቻ የአቶ አሥራትን ትከሻ መታ መታ አድርገው ተከተሉት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ወይዘሮ ወርቅውሃ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ተረፈች የምታቀርበውን እየቀመሱ ይመልሱታል። ዝናቡ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከወጨጫ እየወረደ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ጧት ጧት ብቻ ፀሐይ አለች፤ እሷም ሄደች ሄደች የምትል ፀሐይ ናት። አቶ አሥራት በዚያ ባማረ በረንዳ ብቻቸውን ይቀመጣሉ።

በገበያው ዋዜማ ጧት ሳያስቡት ሚስታቸው በተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። በክፍተቱ ለማየት ሞከሩ። የአህያ ጆሮ አለፈ። የቅርጫት ቂጥ አለፈ። ተረከዝ አለፈ፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ቀጥሎ የሁለት ሴቶች ድምፅ መጣ፤ እየተሳሳቁ ነበር፤ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሳቃቸውን ቀነሱት።

"ወርቅውሃ ዱቴ?" አለች አንደኛዋ። ወርቅውሃ ሞተች እንዴ ማለቷ ነው።

"እኔ እንጃ፤ ቤቱን ዘጋግተውታል" አለች ሌላይቱ፣ እሷም በኦሮምኛ።

አለፉ። አቶ አሥራት ከወንበሩ ተነሥተው በቀጥታ ወደ ውስጥ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ወርቅውሃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰው ሲመጣ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ትስቢ ነበር። እንዳያዩሽ የፈለግሽ መስሎኝ ነው።"

ወይዘሮ ወርቅውሃ ግድግዳውን እያዩ፣ "መጀመሪያ የሳብከው አንተ ነህ" አሉ።

"እኔ? መቼ?"

"የንስሐ አባታችን የመጡ ዕለት። መስቀል ልሳለም ቀና ስል ምራቄ ወረደ። ጠረግክልኝ፤ ጠረግክልኝና ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግከው። ከዚያ ወዲያ እኔም አደረግኩት። አፍረህብኝ ነው ብዬ።"

አቶ አሥራት ትዝ አላቸው። ምራቁን መጥረጋቸው ትዝ አላቸው፤ ነጠላውን ሲስቡ ግን የብርድ ልብስ የማልበስ ያህል እንጂ ሌላ አልመሰላቸውም ነበር።

"አላፈርኩም። ፈርቼ ነው" አሉ።

"ምን?"

"ሰው ሲያዝንልሽ ማየት።"

ወይዘሮ ወርቅውሃ በብዙ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን መለሱ። አንዱ ዓይናቸው ከሌላው ያነሰ ይመስላል፤ ሁለቱም ግን ያው የጥንቶቹ ነበሩ።

"ይዘኑልኝ" አሉ። "እኔ ገበያ ተቀምጬ ለስንቱ አዘንኩ? ልጅ ለሞተባት፣ ባል ለጣላት፣ ቤት ለተቃጠለባት። አሁን ተራዬ ነው። ተራዬን ምን ብለህ ትከለክለኛለህ?"

አቶ አሥራት የሚስታቸውን የደከመ እጅ ያዙ። "ዲኖን አስጠርቼ አስነሣዋለሁ" አሉ።

"ዲኖን ፈልገህ እስክታገኝ መስከረም ይጠባል።"

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። አቶ አሥራት ከኦቦ ኢቲቻ መዶሻና ጉጠት ተዋሱ፤ ኮታቸውን አወለቁ፤ ባርኔጣቸውን ምስማር ላይ ሰቀሉ። መዶሻ የመዘገቡ እንጂ የመቱበት ሰው አልነበሩምና የመጀመሪያውን ሳንቃ ሲያንኳኩት ጣታቸውን አገኙት። ወይዘሮ ወርቅውሃ ከበረንዳው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ተረፈች ከኋላቸው ቆማ፣ ያያሉ። ከውጭ ገበያተኛው ተሰበሰበ።

"ማል ተኤ፣ ኦቦ አሥራት? ምን ሆኑ?"

"ያማረውን በረንዳ ምን በደላቸው?"

"ሌባ ነው ይሄ ሰውዬ!"

"የገዛ ቤቱን የሚሰርቅ ሌባ የት አገር አለ?"

አንዱ ሳንቃ በስንት ትግል መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ ወደቀ። በዚያች ክፍተት የወይዘሮ ወርቅውሃ ግንባር ታየ። ወሬው ደግሞ ከሳንቃው ቀድሞ ገበያ ደርሶ ነበር፤ "ዲኖ፣ በረንዳህን እያፈረሱት ነው!" ብለውት ምስማር ሲገዛ ከነበረበት እየሮጠ መጣ።

"ማነው ሥራዬን የነካ!"

"እኔ ነኝ" አሉ አቶ አሥራት፣ ጣታቸውን እየጠቡ።

"ጋሼ፣ ሳንቃ እንዲህ ነው የሚነቀል? ጨረሱት እኮ! ጥድ ነው እኮ! ያምጡት!" መዶሻውን ነጠቃቸው።

"ቁርጤን ጨርሻለሁ ብለህ አልነበር?"

"ሥራው አልቋል፤ ስሜ አላለቀም!" አለና ወደ ወይዘሮ ወርቅውሃ ዞረ። ከተዋዋለ ጀምሮ እሳቸውን ሲያናግር ይህ የመጀመሪያው ነው። "እሜቴ፣ እስከ የት ድረስ ላንሣው?"

ወይዘሮ ወርቅውሃ በደህና እጃቸው ጉልበታቸውን ነኩ።

"እስከ ጉልበት! ምን ክብር ይኖረዋል? እስከ ደረት ልተወው።"

"ጉልበት።"

"እስከ ወገብ፤ የመጨረሻዬ ነው።"

"ክብሩን ላሥራት ስጠው" አሉ ቃሉን እየጎተቱ። "እኔ መንገዱን ነው የምፈልገው።"

ሕዝቡ ሳቀ። ዲኖ ራሱን እያወዛወዘ፣ "እንግዲያ እጅዎን የሚያሳርፉበት ያህል ልተውልዎ፤ ክንድዎን ደገፍ ያደርጉበታል። ከዚህ በታች ግን እንጨቴን ወስጄ እሄዳለሁ!" አለ። ወይዘሮ ወርቅውሃ የመጨረሻ ዋጋ እንደሰማ ሰው ጥቂት አመነቱና፣ "ይሁን" አሉ። ዲኖ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ፣ ምስማሩን እያቃና፣ እንዳይሰነጠቁ እያባበለ ነቀላቸው።

የመጨረሻው ሲነሣ ወይዘሮ ወርቅውሃ ከነሙሉ ፊታቸው ታዩ። ጫጫታው ቀጥ አለ። ብዙው ሰው ከታመሙ ወዲህ አላያቸውም። አቶ አሥራት የሚስታቸው ቀኝ እጅ ነጠላው ጥለት ላይ ማረፉን አዩ። እጁ እዚያው ቆየ። አልሳበውም።

ከሰዉ መሐል ሃዋ ብቅ አለች፤ ገበያ ላይ ከወይዘሮ ወርቅውሃ ጎን ተቀምጣ በርበሬ የምትሸጥ፣ ምላሷ ከበርበሬዋ የባሰ ሴት ናት። ቀረብ ብላ አየቻቸው። ዓይኗ ሞላ። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

"ወርቅውሃ! አፍሽ ምን ሆኖ ነው? የሰው ቅቤ ስትቀምሺ ዞሮ ቀረ?" አለች።

ሰዉ ደነገጠ። ተረፈች አፏን ያዘች። ወይዘሮ ወርቅውሃ ግን ከሆዳቸው ሳቁ፤ ሲስቁ ምራቃቸው ወረደ፤ በእጅጌያቸው ጠረጉት።

"ያንቺ በርበሬ ነው ያጣመመው" አሉ።

ያን ጊዜ ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። ሃዋ መጥታ አንገታቸውን አቅፋ አገላብጣ ሳመቻቸው፤ አለቀሰችም፤ እንባዋን ከማንም አልደበቀችም። አንዲት የወጨጫ ሴት ቅቤዋን ከጀርባዋ አውርዳ መከለያው ላይ አስቀመጠችና በኦሮምኛ፣ "እስቲ ቅመሽልኝ፤ ሰዉ ሁሉ ዋጋ እየሰበረብኝ ነው" አለች። ወይዘሮ ወርቅውሃ በቀኝ እጃቸው ቅቤው የተጠቀለለበትን ቅጠል ገለጥ አድርገው በጥፍራቸው ቆነጠሩ። የሚያሹበት ግራ እጅ ስለማይነሣላቸው ሃዋ እጇን ዘረጋችላቸው፤ እሷ እጅ ላይ አሹት፤ አሸተቱት። ሰዉ እንደ ዳኛ ፍርድ ጠበቀ።

አቶ አሥራት ፊት ለፊታቸው፣ መንገዱና በረንዳው መካከል፣ ሸሚዛቸው ላብ ሆኖ፣ ጣታቸው አብጦ ቆመዋል። ለተሰበሰበው ሰው አንድ ነገር ለመናገር አምሯቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"አሥራት" አሉ ወይዘሮ ወርቅውሃ።

"አቤት?"

"ዞር በል፤ ከለልከኝ።"

ዞር አሉ።